በዘፈን ብቻ የሚነጋገሩ

ዢስሌን ባሏን ፊርማንን ከቤት ያስወጣችው በመከር ወራት ነበር። ስኳር የሚወጣበት ቀይ ሥር መሰል ተክል ከማሳ እየተነቀለ በጭነት መኪና ወደ ፋብሪካ ይጋዝ ነበር፤ ፊርማንም ሹፌር ነው። በሚመላለስበት መንገድ ላይ፣ ወደ ቤልጂየም ጠረፍ ቀረብ ባለች ከተማ ሌላ ሴት እንዳለችው ደረሰችበት። ልብሱን ሰብስባ ከደጃፍ አወጣችና በሩን ቆለፈች። ዝናብ ይጥል ነበር። የሸክላ ጡብ ቤቶቹ ግድግዳ ለግድግዳ የተጣበቁ ስለነበሩ፣ የመንገዱ ሰው ሁሉ ከመስኮት መጋረጃ ጀርባ ሆኖ ሲያይ ዋለ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሆድና ጀርባ ሆኑ። ፊርማን ከዚያችኛዋ ሴት ጋርም ብዙ አልቆየም፤ በከተማቸው መሐል ከሚያልፈው የውኃ ቦይ ማዶ አንድ ክፍል ተከራይቶ ብቻውን ተቀመጠ። የሚነጋገሩት በልጃቸው በማሪዝ በኩል ነበር። «ለአባትሽ ንገሪው» ትላለች እናት፤ «ለእናትሽ ንገሪያት» ይላል አባት። ማሪዝም ዕድሜዋን ሁሉ እንደ ፖስተኛ ተመላለሰች።

ጣጣው ግን ዘፈኑ ነበር። በተጋቡበት ዓመት በሬዲዮ የወጣ፣ ወንድና ሴት እየተቀባበሉ የሚዘፍኑት ዘፈን ነው። ወንዱ ከደጅ ሆኖ «በሩ ይከፈትልኝ፣ ዝናቡ አጥንቴ ገባ» እያለ ይለምናል። ሴቷ ከውስጥ «ዝናብ የጠራ፣ ዝናብ ይልበስ» ትላለች። መጨረሻ ላይ ሁለቱም አንድ ላይ «መብራቱ ግን አልጠፋም» ይላሉ፤ አለቀ። ተማሪ ቤት ያለ ልጅ ሊጽፈው ይችላል። ግን ዢስሌንና ፊርማን በከተማቸው ዓመታዊ በዓል ላይ አንዴ ዘፈኑት፤ ሕዝቡ በየዓመቱ ድገሙልን አለ፤ በኋላ ያለ እነሱ በዓሉ በዓል መሆኑ ቀረ።

ከተለያዩ በኋላ በመጣው በዓል ዋዜማ፣ አኮርዲዮን ተጫዋቹ ኦክታቭ ዢስሌን ወደምትሠራበት የትምህርት ቤት ወጥ ቤት መጣ። ድንች እየላጠች ነበር።

«እኔ ስለ ትዳራችሁ አልመጣሁም» አላት። «ስለ ዘፈኑ ነው።»

«ከእሱ ጋር መድረክ ከምወጣ ይህን ድንች ጥሬውን ብበላው ይሻለኛል።»

«እሺ ብይው። ከዚያ ነይ።»

ሄደች። ልቧ ግን ለእርቅ አልነበረም፤ ሰው ፊት ልታሳፍረው ነበር። «ዝናብ የጠራ» የሚለውን ከአንጀቷ አውጥታ ዓይኑን እያየች ዘፈነችው። በአዳራሹ ብርጭቆ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ሲጨርሱ እሷ በፊት በር፣ እሱ በጓሮ በር ወጡ።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ እንዲሁ ሆነ። በተለያየ በር ይገባሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ቃል ሳይተነፍሱ ይለያያሉ። ሰው ከአጎራባች መንደር ሁሉ ይመጣ ጀመር። ዢስሌን መድረክ ላይ ቆማ የምታየውን ማመን ያቅታት ነበር። በድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ዕድሜያቸውን የጨረሱ፣ በቀብር ላይ እንኳ የማያለቅሱ ሽማግሌዎች በመዳፋቸው ፊታቸውን ይጠርጋሉ። ቀጥሎ ልጆቻቸው መጡ፤ ቀጥሎ አፍንጫቸውን የተበሱ፣ ከእነሱ የቀደመ ነገር ሁሉ የሚያስቃቸው ጎረምሶች። እነሱም ከመጀመሪያዋ ቃል ጀምረው አብረው ይዘፍናሉ። አንድ ቀን ምሳ ስታቀርብ ሳህኗን የዘረጋችላትን ልጅ፣ ይህን ዘፈን ማን አስተማረሽ ብላ ጠየቀቻት።

«ማንም አላስተማረኝም፣ ማዳም ዢስሌን» አለች ልጅቷ ግራ ተጋብታ። «ድሮም አውቀዋለሁ።»

ዢስሌን ጭልፋዋን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ይህ ነገር የእሷም የፊርማንም እንዳልሆነ፣ እነሱ እንደ በር ጠባቂ ብቻ እንደቆሙበት ያን ጊዜ ገባት።

ዓመታት አለፉ። ዢስሌን ጡረታ ወጣች። አንድ የበጋ ወር ማሪዝ መጥታ፣ አባቷ ነገር መርሳት እንደጀመረ፣ ከዳቦ ቤት ወደ ቤቱ መመለሻው እንደጠፋው ነገረቻት።

«እሱ ድሮም የሚመቸውን ነው የሚረሳው» አለች ዢስሌን።

ማሪዝ ግን አልሳቀችም። ዘንድሮ መዝፈኑን እንጃ አለች።

በበዓሉ እሑድ ከሰዓት በኋላ ፊርማን በልጁ ክንድ ተደግፎ ገባ። ነጭ ሸሚዙ ተተኩሷል፤ ቁልፎቹ ግን ተዛንፈዋል። ኦክታቭ መግቢያውን ተጫወተ። መጀመር ያለበት ወንዱ ነው። ፊርማን ዝም አለ። ኦክታቭ መግቢያውን ደገመው። ዝም። ከኋላ አንድ ሰው አሳለ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲደግምለት ፊርማን አንገቱን ቀና አድርጎ ዘፈነ፦

«ዝናብ የጠራ፣ ዝናብ ይልበስ…»

የእሷን ነበር። የራሱ ጠፍቶበት፣ ያን ሁሉ ዓመት ፊት ለፊቱ ቆማ ስትዘፍን የሰማው የእሷ ቃል ብቻ ቀርቶለታል። ማንም አልሳቀም። ኦክታቭ ዢስሌንን አያት። ማቆም ትችል ነበር። አፏን ከፍታ «በሩ ይከፈትልኝ» አለች።

ያን ቃል ብቻዋን ሆና፣ ሳህን ስታጥብ እንኳ አንጎራጉራው አታውቅም። ከደጅ መቆም እንዲህ ነው እንዴ? ፊርማን በየዓመቱ እዚህ ሕዝብ ፊት ቆሞ ሲለምን፣ እሷ ስትከለክል፣ በዓመቱ ደግሞ ተመልሶ ሲለምን፣ ዘፈን ነው ብላ አልፋዋለች። በሌላ ቦታ ሊለው ያልቻለውን እዚህ ሲላት እንደኖረ አሁን ቃሉን በአፏ ስትይዘው አወቀች። ቢሆንም አላቋረጠችም። እሱ ከለከለ፣ እሷ ለመነች። «መብራቱ ግን አልጠፋም» የሚለው ጋ ሲደርሱ ድምፁ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ድምፅ ሆኖ ከእሷ ጋር ገጠመ። አዳራሹ ሙሉ ሰው ከመቀመጫው ተነሣ። ማጨብጨብ ለማንም ትዝ አላለውም።

በጓሮ በር ሲወጣ ተከትላው ከደጅ ባለ አግዳሚ ወንበር ላይ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ሸሚዝህን ያለ ቦታው ነው የቆለፍከው» አለችው፤ ፈታታችና አስተካከለችለት።

ትክ ብሎ አያት። «ድምፅሽን አውቀዋለሁ» አለ። «የማን እንደሆነ ግን…»

«የእኔ ነው» አለችው።

ወደ ቤቷ አልመለሰችውም፤ ያንን ማንም ከእሷ አልጠበቀም። የአረጋውያን መጦሪያ ከገባ በኋላ ግን እሑድ እሑድ ስኳር የተነሰነሰበት ጣፋጭ ዳቦ እየጋገረች ትሄድ ነበር። ስሟን አንዳንዴ ያስታውሳል፣ አብዛኛውን ጊዜ አያስታውስም። ዘፈኑን ስትጀምርለት ግን የወንዱን ወይም የሴቷን፣ የመጣለትን ያነሣል፤ የቀረውን እሷ ትይዛለች። ነርሶቹ የመድኃኒት ጋሪያቸውን ይዘው በር ላይ ይቆማሉ፤ ከመካከላቸው ከሞሮኮ የመጣች አንዲት ወጣት ነበረች፣ እሷም ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች።

ፊርማን በጸደይ ሞተ። በዚያ ዓመት በዓል ዢስሌን መድረክ አልወጣም ብላ ቢራዋን ይዛ ከሰው መሐል ተቀመጠች። ስማቸውን እንኳ የማታውቃቸው ሁለት ወጣቶች ወጥተው ዘፈኑት። ልጅቷ ቸኩላ ተራዋ ሳይደርስ ጀመረች፣ ልጁ ድምፁ ተሰነጠቀ። ሕዝቡ ግን የወንዱንም የሴቷንም አንድ ላይ ያዘው፤ ጠረጴዛዎቹ ተንቀጠቀጡ። ዢስሌን አልዘፈነችም። አፏን በእጇ ይዛ፣ ሕፃን መብረቅ ሲያይ እንደሚደነቅ ተደንቃ ታይ ነበር።

ሲያልቅ ማሪዝ ኮቷን አነሣችላትና «እማዬ፣ እንሂድ?» አለቻት።

«ቆይ» አለች ዢስሌን። «ሊደግሙት ነው።»