አባቴ በክፍላችን ብሎግ ላይ

አሥራ አንደኛ ክፍል ስማር እኔና አብሮ አደጌ ፍኖተ ሰላም ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። የሁለታችንም ቤተሰቦች ገበሬዎች ናቸው፤ ያሉትም ከማንኩሳ ወዲያ፣ ከመኪና ተወርዶ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር የሚያስኬድ ቀበሌ ውስጥ ነው። ዓርብ ከትምህርት ስንለቀቅ ወደ ቤት እንሄዳለን፤ እሑድ ደግሞ የሳምንቱን ስንቅ፣ በሶና ድርቆሽ፣ ሲኖር ድንች ተሸክመን እንመለሳለን።

የዚያን ዓመት የእንግሊዝኛ መምህራችን አዲስ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ሁለት ዓመት ያልሞላው፣ ቀጭን፣ ሲናገር ጠመኔውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው የሚያቀባብል ሰው። ጥቅምት ላይ አንድ ቀን ወደ ኮምፒዩተር ክፍል ወሰደን። የሚሠሩት ኮምፒዩተሮች ሰባት ነበሩ፤ ለአንዱ ስምንት ስምንት ሆነን ተኮለኮልን።

«ይህ ብሎግ ይባላል» አለ ከፊት ያለውን ስክሪን እያሳየን። «ሰው ሁሉ ገልጦ የሚያነበው ደብተር በሉት። በየሳምንቱ በእንግሊዝኛ ትጽፋላችሁ። የማነበው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ እናንተም የጓደኞቻችሁን ታነባላችሁ። ከጽሑፉ ሥር አስተያየት መስጫ ቦታ አለ፤ እዚያ የወደዳችሁትን አንድ ነገርና አንድ ጥያቄ ትጽፋላችሁ።»

«ቲቸር፣ ስሕተት ቢኖረውስ?» አለች አንዲት የከተማ ልጅ።

«ስሕተት የሌለበት ሰው እኔ ጋ ምን ያደርጋል?» አላት።

መጀመሪያ በደብተር እንጽፋለን፤ እሱ አይቶ ይመልስልናል፤ ከዚያ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በየተራ እንተይባለን። እኔ ከዚያ በፊት ኮምፒዩተር ነክቼ አላውቅም። አንዲት ፊደል ፍለጋ ጣቴን ኪቦርዱ ላይ ሳንከራትት ከኋላዬ የተሰለፉት ያጉረመርማሉ። መብራት ከጠፋ ደግሞ የተየብነው ሁሉ ይጠፋል፤ እንደገና እንጀምራለን።

የመጀመሪያው ጽሑፌ ስለ ትምህርት ቤቴ ነበር። ከመማሪያ መጽሐፉ ያየሁትን ዓረፍተ ነገር እየገጣጠምኩ፣ አረንጓዴ የአትክልት ቦታ እንዳለን፣ ቤተ መጻሕፍታችንም ሰፊና በመጻሕፍት የተሞላ እንደሆነ ጻፍኩ። መምህሩ ከሥሩ፣ «ይህን ትምህርት ቤት አላውቀውም። የት ነው ያለው? ተዛውሬ ባስተምርበት ደስ ይለኛል» ብሎ ጻፈበት። ክፍሉ ሳቀ። አፈርኩ፤ ግን ምን እንደፈለገ ገባኝ።

በሦስተኛው ሳምንት የሰጠን ርእስ፣ «ያ ቀን ቢመለስ ኖሮ ሌላ አደርግ ነበር የምትሉት ምንድን ነው?» የሚል ነበር። ምን እንደምጽፍ ያን ጊዜውኑ አወቅሁ።

በዚያው ዓመት መጀመሪያ ለምዝገባ ስመጣ አባቴ አብረውኝ መጥተው ነበር። ወላጅ መፈረም ነበረበት። አባቴ ፊደል አልቆጠሩም፤ በአካባቢያችን ግን ሰው የተጣላ እንደሆነ ለሽምግልና ከሚጠሩት ቀዳሚው እሳቸው ናቸው። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ወረቀቱን ስታቀርብላቸው፣ «ቀለሙን ወዲህ አምጭልኝ ልጀ» አሏትና አውራ ጣታቸውን ነክረው አተሙ። ከዚያ ወጥተው ቀለሙን በሣር ለመጥረግ በሩ አጠገብ ካለው ዛፍ ሥር ጎንበስ አሉ። ከኋላዬ ከተሰለፉት አንዷ፣ ያቺው ስለ ስሕተት የጠየቀችው ልጅ፣ «አባትሽ ናቸው?» አለችኝ።

«አይ» አልኳት። «ያገራችን ሰው ናቸው።»

ለምን እንዳልኩት እስከ ዛሬ በደንብ ማስረዳት አልችልም። ልጅቷ ንጹሕ ዩኒፎርም ለብሳ፣ ቦርሳ በጀርባዋ አንግታ ነበር። አባቴ ጣታቸውን ጠርገው ተመለሱና ስንቄን አስረከቡኝ፤ ግንባሬን ስመውኝም ሄዱ። ቃሉን ግን ለሳምንታት ልረሳው አልቻልኩም።

ይህን በአማርኛ ብጠየቅ አልጽፈውም ነበር። እንግሊዝኛው ግን መሸሸጊያ መሰለኝ። ከእኛ ቀበሌ እንግሊዝኛ የሚያነብ ማን አለ? አሥራ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ። የአባቴን ጣት፣ ቀለሙን፣ የተቀደደ የጎማ ጫማቸውን፣ ያልኩትንም ቃል። መምህሩ ደብተሩን ሲመልስልኝ ሁለት ግሶች ብቻ አርሞ፣ «ይህን ለመጻፍ ድፍረት ይጠይቃል። መለጠፍ አለመለጠፉ ግን ያንቺ ፈንታ ነው» የሚል አስፍሮበት ነበር። ለጠፍኩት።

በማግሥቱ ዓርብ ለፈተና ላጠና ብዬ ከተማ ቀረሁ። አብሮ አደጌ ብቻዋን ወደ አገር ቤት ሄደች፤ ስንቄንም እንደምታመጣልኝ ቃል ገባች። እሑድ ከሰዓት በር ሲንኳኳ ከፈትኩ። አባቴ የታጠበ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ስንቁን በትከሻቸው አድርገው ቆመዋል። አብሮ አደጌ ከኋላቸው ዓይኗን መሬት ተክላለች።

«እንዴት ሰነበትሽ ልጀ?» አሉኝ። «ይህች ጓደኛሽ ጉድ ነገረችን። ስለ እኔ በእንግሊዝኛ ጽፋ አገር አነበበው አለች። እናትሽ ሂድና ሰምተህ መጥተህ ንገረኝ ብላ ከቅዳሴ እንደወጣሁ አባረረችኝ።»

አብሮ አደጌን አየኋት። «ጽፋለች አልኩ እንጂ ምን እንደጻፍሽ አልተናገርኩም» አለች በሹክሹክታ። ደስ ልታሰኛቸው ብላ ያወራችው መሆኑ ፊቷ ላይ ይታያል።

አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና፣ «በይ አሳይኝ» አሉ። አብሮ አደጌ መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልኳን ከፍታ ሰጠቻቸው። «እኔ የቱ ጋ ነው ያለሁት?» ሲሉ «አባት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል አሳየኋቸው። ሊነኩት ጣታቸውን ሲያሳርፉበት ገጹ ወደ ላይ ሸሸ። ደነገጡ። «አጠፋሁት?»

«አልጠፋም አባየ፣ ይኸው» ብዬ መለስኩት።

«እንግዲያ አንብቢልኝ፤ በኛ ቋንቋ።»

ስልኩን ያዝኩና ማንበብ ጀመርኩ። «አባቴ ጎበዝ ገበሬ ናቸው» አልኩ። እንዲህ የሚል ነገር አልተጻፈም። «በቆሎና ጤፍ ያመርታሉ። ሰው ያስታርቃሉ። እኔን ለማስተማር ብዙ ይደክማሉ።» አባቴ እየሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ፊታቸው በራ። «ጎበዝ፣ ሌላስ?» አሉ። አብሮ አደጌ ወደ ግድግዳው ዞረች። ያኔ ስልኩን ዝቅ አደረግሁ። እንደገና እየዋሸኋቸው ነው፤ አሁን ደግሞ ፊት ለፊታቸው።

«አባየ፣ እንዲህ አይልም» አልኩ። «ያነበብኩት ውሸት ነው።»

ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ጀምሬ እስከ አሥራ አንደኛው እንደተጻፈው ተረጎምኩላቸው። ስጨርስ ቀና ለማለት አቃተኝ። ውጭ የባጃጅ ጡሩምባ ይሰማል።

«ሰምቼ ነበር» አሉ አባቴ።

«ምኑን?»

«ያን ቀን ያልሽውን። ዛፉ ሥር ሆኜ ሰምቼሻለሁ። ጆሮየ እንደ ዓይኔ አልደከመም።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?»

«ምን ልበልሽ? ልጅ ነሽ፤ አዲስ ሰው ፊት ቆመሻል። ቤት ስደርስ ለእናትሽ እንኳ አልነገርኳትም። ከፍቶኝ ነበር፣ አልዋሽሽም። በሦስተኛው ቀን ግን ሥራ ያዘኝና ተወኝ።» ወደ ስልኩ አመለከቱና፣ «ጫማውን ግን ተሳስተሻል» አሉ። «የተቀደደው ያምናው ነው። ያን ቀን አዲስ ገዝቼ፣ ላንቺው ምዝገባ ብየ ነው ያደረግሁት።»

አለቀስኩ። አብሮ አደጌም አለቀሰች። አባቴ ግን ሌላ ሐሳብ ይዟቸዋል። «ከሥሩ ሰው የመሰለውን ይጽፍበታል ነው ያለችኝ ይህች ጓደኛሽ?»

«አዎ።»

«እንግዲያ የኔንም ጻፊ። እንዲህ በይ፤ ‹ልጅቱ ያገራችን ሰው ናቸው ብላለች። አልዋሸችም፤ አገራችን አንድ ነው። ግን ጎደሎ ተናግራለች። የጎደለውን እኔ ልሙላ፤ አባቷ ነኝ።› ጫማውንም አርሚ።»

ማክሰኞ ዕለት የአባቴን ቃል ለመተርጎም ስቀመጥ፣ በራሴ ጽሑፍ ጎረቤት ብዬ ያለፍኩት ‹ያገራችን ሰው› አስቸገረኝ። መዝገበ ቃላቱን ባገላብጥ አንዱ ቃል ዜጋ ማለት ሆነ፤ አንዱ ባላገር፤ አንዱ ጎረቤት። መምህሩን ጠየቅሁት። ሰሌዳው ላይ ጻፈውና ለክፍሉ አቀረበው። ግማሽ ክፍለ ጊዜ ተከራከርን። አገር ማለት መንደር ነው የሚለው ከአገር ማለት ኢትዮጵያ ናት ከሚለው ጋር፣ በዚያ በሚሰባበር እንግሊዝኛችን አንገት ለአንገት ተያያዘ። እጁን አውጥቶ የማያውቅ ተማሪ ሁሉ ተናገረ። በመጨረሻ ‹ከእኔ ቦታ የሆኑ ሰው› የሚል ተራ ሐረግ ላይ ተስማማን። መምህሩ ጠመኔውን አስቀምጦ፣ «ዛሬ ያስተማሩት አባትሽ ናቸው» አለኝ።

ሐሙስ ዕለት ከአባቴ አስተያየት በታች ሌላ ተጽፎ አገኘሁ። ጸሐፊዋ ያቺው የከተማ ልጅ ነበረች። «ያን ቀን የጠየቅሁሽ እኔ ነኝ» ይላል። «መዋሸትሽን ያኔውኑ አውቄ ነበር፤ አፍንጫችሁ አንድ ነው።» ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ዕረፍት ላይ ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል መጨረሻም እዚያው ነበርኩ።

ከዚያ በኋላ ተማሪው ስለ አረንጓዴ አትክልት ቦታ መጻፍ ተወ። አንዱ ስለ ወንድሙ መጥፋት፣ አንዷ በግዴታ ሊድሯት ሲሉ ስላስጣሏት አክስቷ ጻፉ። አባቴ ደግሞ ነገሩን ወደዱት። ቅዳሜ ማታ ራት ላይ፣ «በሉ የናንተ ሰዎች ምን ጻፉ?» ይሉናል። እኔና አብሮ አደጌ እየተረጎምን እናወራላቸዋለን፤ እሳቸው መልስ ይልካሉ። አውሮፕላን አብራሪ መሆን እመኛለሁ ብሎ ለጻፈው ልጅ፣ «የሚመጣው ዝናብ ከላይ ይታያል ወይ?» ብለው ጠየቁት። የቤተሰቡን በቆሎ ተምች እንደበላበት ለጻፈው፣ ማለዳ ፀሐይ ሳይበረታ ከቅጠሉ ልብ እየለቀሙ መጨፍለቅ እንደሚያሻ መከሩት። ልጁም አስተያየቱን ለአባቱ ተርጉሞ እንዳነበበላቸው ከሥሩ ጻፈ።

ያ ብሎግ ዛሬ የለም። መምህሩ በሁለተኛው ዓመት ተዛወረ፤ ኔትወርኩም ለረጅም ጊዜ ጠፋ፤ የገጹን የይለፍ ቃል የሚያስታውስ አልተገኘም። ደብተሬ ግን አለ። እኔ እንግሊዝኛ አጥንቼ ተመረቅሁ፤ አሁን ቡሬ ውስጥ አስተምራለሁ። ከተማሪዎቼ ጋር የክፍል ብሎግ ከፍተናል። ኮምፒዩተሮቹ አሁንም ጥቂት ናቸው፤ ብዙዎቹ በስልካቸው ጽፈው ይዘው ይቆዩና ኔትወርኩ ሲመጣ ይለጥፋሉ። ሲጠፋም በወረቀት ጽፈን ግድግዳ ላይ እንሰቅለዋለን፤ አስተያየቱን በእርሳስ እንጽፍበታለን።

ባለፈው ወር አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዬ ስለ እናቷ የጻፈችውን ይዛ ወደ መምህራን ክፍል መጣች። አነበብኩት። ጥሩ ነው፤ ይጎረብጣል፤ እውነት ነው።

«ልለጥፈው ቲቸር?» አለችኝ።

«ለእናትሽ አንብበሽላቸዋል?»

«እናቴ እንግሊዝኛ አታውቅም እኮ።»

«አንቺ ታውቂ የለ?»

ወረቀቷን አጥፋ ሄደች። ሳምንቱን ሙሉ ተመልሳ ወደ እኔ ሳትመጣ ስትቀር፣ ምናልባት አብዝቼባት ይሆን ብዬ ተጨነቅሁ። ሰኞ ጠዋት ግን ክፍል ሳልገባ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀችኝ። ወረቀቱ በሁለት ዓይነት እስክሪብቶ ተሰርዞ ተደልዟል።

«እናቴ አንድ ዓረፍተ ነገር አስወጣችኝ» አለች። «ሁለት ደግሞ አስገባች።»

«የትኛውን አስወጡሽ?»

«እሱንማ አልነግርዎትም» አለችና እየሳቀች ወደ ክፍሏ ሮጠች።