አጎቴ ለጊታር ተጫዋቹ የነገሩት

ማክሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አጎቴ እዚህ ውጭ አገር፣ ስማይርና በተባለች ከተማ በሚገኘው ቤታቸው አረፉ። የልብ ሕመም ነው። ሐኪሙ ሕመሙ ወራት እንዳስቆጠረ ነገረኝ።

በየእሑዱ እደውልላቸው ነበር። «ጋሼ፣ ጤናዎ እንዴት ነው?» ስላቸው «እግዚአብሔር ይመስገን» ይሉኛል፤ እኔም ስልኩን እዘጋለሁ። ሃያ ዓመት በጋዜጠኝነት ስሠራ ሳላጣራ የጻፍኩት ዜና የለም። የእሳቸውን ቃል ግን አንድም ቀን አላጣራሁም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብሉዝ የሚሉት የብሶት ዘፈን ወደሚዘፈንበት አንድ ትንሽ ምግብ ቤት መሄድ ይወዱ ነበር። አንድ ጊዜ አብሬያቸው ሄጄ፣ «እርስዎ የቤተ ክርስቲያን ሰው፣ እዚህ ምን ይሠራሉ?» ብዬ ቀለድኩባቸው።

መድረኩ ላይ ወደሚዘፍነው ሽማግሌ ጊታር ተጫዋች እያዩ፣ «ይሄ ሰውዬ የቱ ጋ እንዳመመው በሰው ፊት ይናገራል፤ ሰዉም ያጨበጭብለታል። እኛ ብንሆን እግዚአብሔር ይመስገን ብለን ዝም ነው» አሉኝ።

ሳቅኩ። ዜና የማስረክብበት ዴድላይን አለብኝ ብዬም ዘፈኑ ሳያልቅ ወጣሁ።

ከቀብሩ በኋላ በነበረው ቅዳሜ ተመልሼ ሄድኩና ጊታር ተጫዋቹን ስለ አጎቴ ጠየቅኩት። ደረቱን በእጁ ነካ።

«እዚህ ጋ ያመኛል ይለኝ ነበር። እስከ መድረኩ ድረስ መራመድ ሲያቅተው ወንበሩን ወደ በሩ ያመጣሁለት እኔ ነኝ።»

ሁለቱን አስተናጋጆች ለየብቻ ጠየቅኳቸው። ሁለቱም ያሉኝ አንድ ነው፦ ወንበሩ ከፋሲካ ጀምሮ በሩ አጠገብ ነው።