ጥግ ላይ ያለችው ልጅ

ባሌ ሰው ቤት ሲገባ መጀመሪያ ሰላም የሚለው ቴሌቪዥኑን ነው። ባለቤቶቹ «እንደምን አደርክ፣ ግባ፣ አረፍ በል» እያሉት እሱ ዓይኑን ስክሪኑ ላይ ተክሎ «ሲግናል አላችሁ?» ይላል። በዚህ የተነሳ የሰፈሩ ሰው ስሙን ረስቶ ሲግናል እያለ ይጠራዋል። እኔ ደግሞ የሲግናል ሚስት ነኝ። መጀመሪያ ላይ ይከፋኝ ነበር። ኋላ ግን ሱቅ ስሄድ ከወረፋ እያስቀደሙኝ ስላየሁ ነገሩን ትቼዋለሁ።

ሥራው ዲሽ መትከል፣ የጠፋ ቻናል መፈለግ፣ የተበላሸ ምስል ማስተካከል ነው። ቀጭን፣ ረጅም ሰው ነው። ጣሪያ ላይ እንደ ድመት ይራመዳል፤ መሬት ላይ ግን ከገዛ ጫማው ጋር ይጣላል። ዝናብ ሲመጣ ሌላው ሰው የተሰጣ ልብሱን ለማስገባት ይሮጣል፤ የእኔው ሰውዬ ስልኩን ቻርጅ ለማድረግ ይሮጣል። ምክንያቱም ዝናቡ ካባራ በኋላ ያ ስልክ ዕረፍት የለውም። «ሲግናል፣ ኳሱ ጠፋብን!» «ሲግናል፣ ምስሉ ተቆራረጠ!» ሁሉም እኩል ቸኩሎ ነው የሚደውለው።

አንድ ጉድለት አለበት ብል እምቢ ማለት አለማወቁ ነው። ከሁሉ የሚበዛው አቤቱታ የጥቁሩ ነገር ነበር። አንዳንዱ ቻናል ስክሪኑን አይሞላም፤ በግራና በቀኝ ወይም ከላይና ከታች ጥቁር ይተዋል። ሰዉ ያንን ጥቁር እንደ ሌባ ነው የሚያየው። «ሙሉ ቴሌቪዥን ገዝቼ ለምን ግማሹን ጨለማ ያሳየኛል?» ይላሉ። መጀመሪያ ላይ ባሌ ምስሉ ከጣቢያው ሲመጣ እንዲያ ሆኖ እንደሚመጣ ሊያስረዳ ይሞክር ነበር። ማን ሊሰማው! ኋላ ሰለቸውና ቴሌቪዥኑን ዙም እያደረገ ይሰጣቸው ጀመር። ምስሉ ያብጣል፣ ጥቁሩ ይጠፋል፣ ባለቤቱም «እጅህ ይባረክ» ይላል። ከዳርና ከዳር የሚቆረጥ ነገር እንዳለ ያውቃል። እኔ ስጠይቀው ግን «ዳር ላይ ምን አለ? ግድግዳ ነው» ይለኝ ነበር።

እሱ እንኳ ይሻላል፤ ምስሉን ወደ ጎን እየለጠጡ የሚያዩም ነበሩ። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን የምትወደው ተዋናይ ከቀን ወደ ቀን ወፈረብኝ፣ አንድ ነገር ሳይሆን አይቀርም ብላ ስትጨነቅ ከረመች። ባሌ ሄዶ አንድ ቁልፍ ነካ ሲያደርግ ሰውዬው ክስት አለ። «ውይ፣ ታሞ ነው እንዴ?» ብላ ደግሞ በሌላ በኩል ደነገጠች።

የእኔ ድርሻ መጮኽ ነው። እሱ ጣሪያ ላይ ዲሹን ሲያዞር አንድ ሰው ቴሌቪዥኑ ሥር ቆሞ «መጣ! ሄደ! ትንሽ መለስ!» ማለት አለበት። የቤቱ ሰዎች ደግሞ ዓይናቸው ምስሉ ላይ ቀርቶ መጮኹን ይረሱታል። ስለዚህ ከባድ ሥራ ሲሆን እኔን ይዞኝ ይሄዳል። ድምፄ ከገበያው ማዶ ይሰማል ይባላል፤ ሐሜት ነው ልል አልችልም።

ያን ቀን ጠዋት የደወሉት የአናጢው ባለቤት ነበሩ። አናጢው ጆሯቸው ከሕፃንነታቸው ጀምሮ አይሰማም። በሰፈሩ ውስጥ እሳቸው ያልሠሩት አልጋ፣ ያላስተካከሉት በር የለም። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ በአፏ ከማውራቷ በፊት ከአባቷ ጋር በእጇ ያወራች ልጅ። በአባቷ ጭን ላይ የተማረችው ቋንቋ እንጀራዋ ሆነና የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ሆና ቴሌቪዥን ጣቢያ ተቀጠረች። ያን ቀን በቀኑ ዜና ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ልትታይ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። እናትየው ዳቦ ሻጩን ሳይቀር በየተራ ነግረውታል።

«ልጄ፣ ቻናሏ ድምፅ አላት፣ ምስል የላትም» አሉ በስልክ። «ድምፁን ምን ላድርገው? ለእሱ ላሰማው?»

ስንደርስ አናጢው ሱቃቸውን ዘግተው፣ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው በራሳቸው እጅ የሠሩት ወንበር ላይ ቁጭ ብለዋል። ስክሪኑ ድቅድቅ ያለ ጥቁር ነው። ከውስጡ አንድ ሰው ስለ ሳሙና ያስተዋውቃል። አናጢው ዓይናቸውን ከጥቁሩ ላይ አልነቀሉም። አንጀቴን በሉት።

ባሌ ሪሲቨሩን ገለበጠ፣ አየው፣ ራሱን ነቀነቀ።

«እትዬ፣ ቻናሏ ወደ ኤችዲ ተዛውራለች። ይሄ ሪሲቨር ደግሞ የድሮ ነው። ድምፁን ይቀበላል፣ ምስሉን ግን ማንበብ አይችልም።»

«ታዲያ ምን ይሻላል? ዜናው እኮ ደረሰ!»

ባሌ ሪሲቨሩን አስቀመጠ። ከዚያ ዞር ብሎ እኔን አየኝ። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ።

«እንዳታስበው» አልኩት።

የእኛ ቤት ሪሲቨር ኤችዲ ነው። ስንት ተለማምጬ ያስገዛሁት ነው። በዚያ ላይ በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ በምከታተለው ድራማ ውስጥ ያቺ ተንኮለኛ አማት ልትጋለጥ ነው። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኸው ነው ብዬ ልናገር አፌን ስከፍት ሰውዬው በሩን አልፎ ሄዷል። ሲመለስ የእኛን ሪሲቨር ከነሪሞቱ በፌስታል አንጠልጥሎ፣ ገመዱ መሬት ለመሬት እየተጎተተ ነው። አናጢው ብድግ ብለው ተቀበሉትና እኔን በዓይናቸው አመሰገኑኝ። ከዚህ በኋላ ምን ልበል!

ገጠመው። «ሲግናል የለም» የሚል ጽሑፍ መጣ። በነፋሱ ዲሹ ትንሽ ዞሯል፤ ይቺ ቻናል ደግሞ ጥቂት መዛነፍ አትወድም። ባሌ ቁልፉን ይዞ ጣሪያ ላይ ወጣ፤ እኔም ቦታዬን ያዝኩ።

«መጣ!» ብዬ ጮኽኩ።

«ምን?»

«መጣ አልኩህ! ኧረ ሄደ!»

«አልሰማሽም!»

ከግቢው ጀርባ ብረታ ብረት ቤት አለ። ልክ ያን ሰዓት ብረት መቁረጫውን አስነስተው ጆሮ ይበጥሳሉ። ያ ከገበያው ማዶ ይሰማል የተባለው ድምፄ ጣሪያው ላይ መድረስ አቃተው። ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮኽኩ። ባሌ ከላይ «ወደ ቀኝ ነው ያልሽው?» ይላል፤ እኔ ስለ ቀኝ አንዳች አልተናገርኩም።

አናጢው ይህን ሁሉ ሲመለከቱ ቆይተው ከወንበራቸው ተነሡ። መስኮቱን ከፈቱ። አንድ ዓይናቸው ቴሌቪዥኑን፣ አንድ ዓይናቸው ጣሪያውን በሚያይበት ቦታ ተጠግተው ቆሙና እጃቸውን ወደ ውጭ አወጡ። መዳፋቸውን ቀስ አድርገው ወደ ግራ ገፉ። ባሌ ዲሹን ቀስ አድርጎ ወደ ግራ ገፋ። ጣታቸውን ወደ ላይ ቀሰሩ፤ ባሌ ቀና አደረገው። ከዚያ እጃቸውን ጭብጥ አደረጉ፤ ባሌ እዚያው ላይ አጠበቀው። እኔ ስንት ዘመን ጮኼ ያላገኘሁትን መታዘዝ ሰውዬው አንድ ቃል ሳይተነፍሱ አገኙት። ቀናሁ ብል አልዋሽም።

ምስሉ መጣ። የጥራቱ ነገር! የዜና አንባቢው ከረባት ላይ ያለው ክር ሳይቀር ይታያል። ባሌ ከመሰላሉ ወርዶ ወደ ቤት ሲገባ ዜናው ተጀመረ፤ ከታች በቀኝ ጥግ ላይም የአናጢው ልጅ ብቅ አለች።

«ልጄ! ልጄን!» ብለው እናትየው ዘለሉ።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ልጅቷ ከአንገቷ በላይ እንጂ ከዚያ በታች የለችም። ፊቷ ይታያል፣ ቅንድቧ ይነሳል፣ ይወድቃል፤ እጆቿ ግን ከስክሪኑ ሥር ቀርተዋል። አልፎ አልፎ የጣት ጫፍ ብቅ ይልና ይጠፋል። ለእኔና ለእናትየው ምንም አይደለም፣ እንሰማለን። ለአባቷ ግን ልጃቸው አፏን ተሸፍና እንደ ማውራት ነው።

አናጢው ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው በስክሪኑ ጠርዝ ሥር አሻግረው ለማየት ሞከሩ፤ ሰው በመስኮት ወደ ታች እንደሚያየው። ምንም የለም። ቀና ብለው ለሚስታቸው በእጃቸው አንድ ነገር አሉ።

«ምን አሉ?» አልኳቸው።

«'እጇን የት ደበቁት?' ይላል።»

ባሌ የሪሲቨሩን ሪሞት ይዞ መጫን ጀመረ። ምስሉ ረዘመ፣ አጠረ፣ ወፈረ። እጆቿ አልመጡም። በድንገት መጫኑን ተወና ግንባሩን በመዳፉ መታ።

«ዙም ነው! ቴሌቪዥኑ ራሱ ዙም ላይ ነው። ያደረግኩት እኔ ነኝ!»

«ጥቁሩን አጥፋልኝ ብዬህ እኮ ነው» አሉ እናትየው፣ እሳቸውም ደንግጠው።

«የቴሌቪዥኑ ሪሞት የት አለ?»

እናትየው ወደ ቁም ሳጥኑ ሮጡ። ከእንግዳ አንሶላዎች ሥር፣ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ፌስታሉ ደግሞ በላስቲክ ታስሮ ወጣ። «እንዳይበላሽ ብዬ ነው» አሉ። ባሌ ላስቲኩን በጥርሱ በጠሰው። ተጫነ፣ ምንም። ጀርባውን ከፈተው፤ ባዶ ነው።

«ባትሪውስ?»

«ለእጅ ባትሪው አደረግኩት። እሱም አለቀ፣ ጣልኩት።»

ዜና አንባቢው ስለ አንድ ድልድይ ማውራቱን ጨርሶ ወደ ሌላ ዜና አለፈ። ባሌ «ሱቅ ደርሼ ልምጣ!» ብሎ ሲፈተለክ ጫማው ምንጣፉን ያዘውና ሊደፋ ትንሽ ቀረው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች! ሰውዬው ባትሪ ፍለጋ የሚሮጠው በግራ እጁ የእኛን ሪሞት እንደያዘ ነው። ከእጁ ነጥቄ ጀርባውን ከፈትኩ፣ ባትሪዎቹን አውጥቼ በባዶው ውስጥ ከተትኳቸው።

«እንካ፣ የሰማይ መሐንዲስ» አልኩት።

ተጫነ። ምስሉ ወደ ኋላ መለስ አለ፣ የተቆረጠው ሁሉ ከየዳሩ ገባ። በዚያች ቻናል ላይ ጥቁር የሚባል ነገር እንኳ አልነበረም። ኤችዲው ራሱ ስክሪኑን ይሞላል፤ በከንቱ ነበር የሚቆረጠው። ጥግ ላይ ልጅቷ እስከ ወገቧ ታየች፤ ሁለቱ እጆቿም መጡ።

አናጢው ሳይቀመጡ፣ ባሉበት ቆመው ቀሩ። ነገር በዓይን ይገባል ሲባል ስሰማ ኖሬያለሁ፤ ሲገባ ያየሁት ያን ቀን ነው። የልጃቸው እጅ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ፊታቸው ይለዋወጣል። በአንዱ ዜና ቅንድባቸው ይኮሳተራል፣ በአንዱ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እናትየው በልማዳቸው ወደ እሳቸው ዞረው የሰሙትን በእጃቸው ሊነግሯቸው ጀመሩ። አናጢው ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳያነሡ የሚስታቸውን እጅ ያዙና ቀስ አድርገው ወደ ታች መለሱት። እዚያው እንደያዙት ቆዩ።

መጨረሻ ላይ የአየር ሁኔታው መጣ። ልጅቷ ስለ ዝናብ ስትናገር አናጢው በሳቅ ፈነዱ፤ ድምፅ ያለው፣ ትልቅ ሳቅ። ጣቶቻቸውን ግንባራቸው ላይ እያንጠባጠቡ ለእኛ አሳዩን። እናትየው ተረጎሙልን፦ ዝናብን እንዲያ ማለት ልጅቷ ትንሽ ሳለች፣ ጣሪያቸው ያፈስ በነበረ ጊዜ እሳቸው ያወጡት ነው። ጣቢያው ያስተማራት ሌላ ነው። ተሳስታ የቤቷን ተናገረች።

ዜናው አለቀ። አናጢው ወደ ሚስታቸው ዞረው ረጅም ነገር በእጃቸው አወሩ። እትዬ መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ።

«ምን አሉ?» አለ ባሌ።

«'ዜና እንዲህ ረጅም ነው እንዴ?' ይለኛል። 'ይሄን ሁሉ ዘመን አንቺ፣ ዋጋ ጨመረ፣ ኳስ ተሸነፍን፣ ብለሽ ነው የምትጨርሺው' ይለኛል።»

እኔ ሳቄንም ዕንባዬንም አንድ ላይ ለቀቅኩት። ባሌ ግን አልሳቀም። ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ፤ ሪሲቨራችንን ሳያነሳ። እኔም አላስታወስኩትም፤ ድራማው ይቅርብኝ አልኩ።

መንገድ ላይ «የስንቱን ቤት ዙም አድርጌያለሁ?» አለኝ።

«የሁሉንም» አልኩት። ምን ልዋሸው?

ከማግስቱ ጀምሮ ሳይጠሩት በየቤቱ መግባት ጀመረ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ ቀጥታ ወደ ቴሌቪዥኑ ሄዶ ዙሙን ያነሳዋል። ጥቁሩ በየስክሪኑ ተመልሶ መጣ፤ ሰፈሩም በእሱ ላይ ተነሣ። «ያጠፋኸውን ጥቁር ለምን መለስክብን? አሞሃል?» ይሉታል። እምቢ ማለት የማያውቀው ሰውዬ ዘንድሮ እምቢ ማለት ቻለ።

«ጥግ ላይ ሰው አለች» ይላል።

ልብስ ሰፊዋ አልተዋጠላትም። «እኛ እኮ እንሰማለን፤ እሷ ለእኛ ምናችን ናት?» አለችው።

ባሌ ሪሞቱን በእጇ መልሶ አስጨበጣት። «አንቺማ ትሰሚያለሽ። አናጢው አልጋሽን ሊጠግኑ የመጡ ቀን፣ ዜና ሰዓት ላይ፣ ምን ታሳዪያቸዋለሽ?»

ልብስ ሰፊዋ አልጋዋን አየች፣ ቴሌቪዥኑን አየች። ሪሞቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ጥቁሩም እንዳለ አለ።