ተዝካሬን የበላው አጎቴ

ባለፈው ሳምንት ጾሬ የስደተኞች መጠለያ አብራኝ የምትሠራው ኬት ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቅና አንድ አሮጌ መዝገብ አሳየችኝ። ቅድመ አያቶቿ በረሃብ ዘመን ከአየርላንድ በመርከብ የተሰደዱ ናቸው። ስማቸውን አግኝታለች፤ የወጡበት መንደር ግን አልተጻፈም። ይሄንኑ ስታማርር የምበላውን ማንጎ አስጠላችኝ። «አንቺ የጎደለሽ ወረቀት ነው፤ እኔን የካደኝ ሰው ነው» አልኳት። ደነገጠች። ምን ታድርግ፣ ንዴቴ በእሷ ላይ አልነበረም።

እኔ ያደግሁት ፓዌ ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ደርግ ከወሎ አንስቶ ሲያሰፍረን በእናቴ ጀርባ ነበርኩ። አባቴን ካሳውን በመጣን በዓመቱ ወባ ገደለው። እናቴ ከሌላ ወረዳ የተዳረች ስለነበረች ከእሱ ወገን የምታውቀው የአያቴን የይመርንና የአጎቴን የተገኘን ስም ብቻ ነው። በቃ፣ ዘሬ እዚያ ላይ ተቆረጠ።

ሃያ ዓመት እንዳለፈኝ የሺን ወደድኩ። ሽማግሌ ብልክ አባቷ ጋሽ ዘውዱ፣ ሥጋ ዘመድ እንዳንሆን፣ እንደ ደንቡ ሰባት ቤት ቁጠር አለኝ። ካሳው፣ ይመር ብዬ ቆምኩ።

«ዘሩን የማያውቅ እህቱን ያገባል» አለ። «አገርህ ሂድና አስቆጥረህ ና። እጠብቅሃለሁ።»

ክረምቱ ሊወጣ ሲል በግልገል በለስ አድርጌ ተነሣሁ። ፓዌን በላብ ለቅቄ ወሎ ደጋ ላይ ብርድ ተቀበለኝ። ሜዳው አደይ አበባ ለብሷል፤ የገብስ እሸት ደርሷል። ለአጎቴ ብዬ የያዝኩትን ሰሊጥ ያን ሁሉ መንገድ ጭኔ ላይ ታቅፌው ነበር። አይ ሞኝነት፣ አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ የሚያለቅስ ሰው ነበር የምጠብቀው።

አጎቴ ተገኘ ደጃፉ ላይ ቆሞ ሰማኝ። ግባ እንኳ አላለኝም።

«ወንድሜ ካሳው ከነልጁ በድርቁ አልቋል» አለ። «ተዝካራቸውን አውጥቻለሁ። አገር ጠላውን ጠጥቶ መስክሯል።»

«ይኸው አለሁ እኮ፣ ጋሼ።»

«እንጃ።»

ለካ ወሬያችን ሲጠፋበት ሞቱ ብሎ ደግሶ፣ የአባቴን መሬት ከራሱ ደርቦ እያረሰ ኖሯል። መሬት እንደማልፈልግ በእግዜር ስም ማልኩለት። የአባቶቼን ስም ብቻ ይቁጠሩልኝ አልኩት።

«አባት የተቆጠረለት መሬት ሳይጠይቅ አያድርም» አለኝ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። ጎረቤቶቹን ብጠይቅ «እኛ ምን አውቀን» እያሉ አቀርቅረው አለፉኝ። ደግሶ አብልቷቸው የለ። ሰሊጡን ግን አጎቴ አልመለሰልኝም።

ባዶ እጄን ፓዌ ስገባ የሺ ሰባት ስም ሳይደናቀፍ ለጠራ ጎረምሳ ታጭታለች። ጋሽ ዘውዱ የደረሰብኝን ሁሉ ሰምቶ ሲያበቃ ራሱን ነቀነቀ።

«ምነው ልጄ፣ የጎደለውን ከልብህ አትሞላም ነበር? ያ ያጫት ጎረምሳም ከልቡ ነው የሞላው። እኔንስ ማን አስቆጥሮኝ ነው?»

ደሜ ፈላ። የአጎቴስ ይሁን፣ መሬት አሳስቶት ነው። ይሄኛው ግን እሱ ራሱ የሌለውን እንዳመጣ ላከኝ፤ እጠብቅሃለሁ ብሎ ከዳኝ። ተነሥቼ ወጣሁ።

አሁን አሶሳ ነው የምኖረው፤ ወልጄ ከብጃለሁ። ሰው ዘመን ሲያልፍ ሁሉም ይበርዳል ይላል። የእኔ አልበረደም፤ እንዲበርድም አልፈልግም። ዓምና ሴት ልጄን ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎች እኔኑ ዘር ቁጠር አሉኝ። ከራሴ ጀምሬ ካሳው፣ ይመር ብዬ አበቃሁ። አንደኛው ሽማግሌ የቀረውን ጠበቀ።

«የቀሩት እኛን ሞተዋል ብለው ተዝካራችንን በልተዋል» አልኩት። «እኔም ዛሬ የእነሱን አውጥቻለሁ። እናንተም ጠላውን ቅመሱና መስክሩ።»