ክዳኑን የለበሰ ካሜራ

የያዙኝ ካሜራው ክዳኑን እንደለበሰ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ገደማ ነበር፤ በሐይቅ ዳሯ ከተማችን ፒያሳ፣ የሰዓት መጠገኛ ሱቄ በር ላይ ተቀምጬ ነበር። ካሜራው በርጩማ ላይ ነው። አፉ ተዘግቷል። በየሁለት ደቂቃው ራሱን በራሱ ቀጭ ይላል። ከሥሩ እኔ የሠራኋቸው ሁለት ጣውላዎች አሉ፤ በማጠፊያ የተያያዙ፣ የግድግዳ ሰዓት ሞተርና ባትሪ ያላቸው፣ ሽቦው ወደ ውጭ የወጣ። መፍታት ሰልችቶኝ እንዳለ ነው ያወጣሁት።

በመንገዱ ወታደር የጫኑ መኪናዎች ተከታትለው ያልፉ ነበር። እኔ ልብ አላልኳቸውም፤ እኔን ግን ልብ ያለ ሰው ነበር። ሦስት ፖሊሶች መጡ። አንደኛው ጣውላውን ሲያይ ወደ ኋላ ዘለለ። ሰዓት፣ ባትሪ፣ ሽቦ። በሱ ዓይን ሳየው እኔም ደነገጥኩ።

የትኛው ጣቢያ እንደወሰዱኝ አልጽፍም። ክፍሉ ግን አራት እርምጃ በአምስት ነው። ሃያ ሁለት ሰው ነበርን። መስኮቷ ከጣራው ሥር ያለች የእጅ መዳፍ የምታህል ቀዳዳ ናት፤ የሐይቁ ትንኝ በሷ ይገባል፣ አየር ግን አይገባባትም። ጥግ ላይ ባልዲ አለ። አዲስ የገባ ሰው ከባልዲው አጠገብ ነው የሚተኛ። እዚያ ተቀመጥኩ።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። አንዲት የፊዚክስ መምህርት አለች፣ የእጅ ሰዓቷን የማድስላት። አንድ ቀን ሥዕል ይዛ መጣች። ሰማይ ይዞራል፣ ካሜራው አብሮት ካልዞረ ኮከቡ ክር ይሆናል አለችኝ። እንደ ሰማይ ቀስ ብሎ የሚዞር ነገር ትፈልጋለች። ቀስ ብሎ የሚዞር ነገር ደግሞ የኔ ሥራ ነው። ሠራሁላት። ከሳምንት በኋላ ያነሳችውን አሳየችኝ። ከሦስቱ ተርታ ከዋክብት ዝቅ ብሎ በዓይን ሲያዩት እድፍ የሚመስል ነገር አለ፤ እሱ በፎቶው ላይ ክንፉን የዘረጋ ቀይ ደመና ሆኖ ወጣ። ኔቡላ ትለዋለች። ኮከብ የሚወለድበት ጭስ ነው አለች። ስልሳ ምናምን ዓመት ከሥሩ ስመላለስ አላየሁትም። ከዚያ ወዲህ ካሜራዋን ታውሰኛለች፣ እኔም ከከተማው መብራት ራቅ ብዬ አነሳለሁ።

ካሜራ ግን ይዋሻል። አፉ ተከፍቶ ብዙ ከቆየ ሰማይ ላይ የሌለ ነጥብ ከራሱ ይጨምራል። ስለዚህ ክዳኑን ዘግተው፣ በዚያው ብርድ፣ ለዚያው ያህል ጊዜ ጨለማውን ብቻ ያነሳሉ። እዚያ ላይ የሚታየው ነጥብ የካሜራው ነው፤ በኋላ ኮምፒውተሩ ከእውነተኛው ፎቶ ላይ ይቀንሰዋል። መደረግ ያለበት በዚያው ሌሊት ነው። እኔ እንቅልፍ አሸነፈኝና ለጠዋት አቆየሁት፤ የጠዋቱ ብርድ ከሌሊቱ መች ያንሳል ብዬ። ያቺ ስንፍና ናት ያሳሰረችኝ።

ክፍሉ ውስጥ ከጎኔ የተኛው ባጃጅ ነጂ ነበር፣ የአዲስ ከተማ ልጅ። በምን እንደታሰርኩ ስነግረው አፉን በእጁ አፍኖ ሳቀ። "አባባ፣ እንግዲያው የኔን ኮከብ ይዩልኝ፤ መቼ ነው የምፈታው?" አለኝ። ኮከብ ቆጣሪ አይደለሁም አልኩት። ለመርማሪዎቹ እንደሱ እንዳልናገር መከረኝ፤ ኮከብ ቆጣሪ ነኝ ብል ቶሎ ይገባቸዋል አለ።

የሱ ጉዳይ ግን አያስቅም። ቃሉን ሲሰጥ ያነበቡለት አንድ ነገር ነው፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ሌላ። ፍርድ ቤት ቀርቦ ሲሰማው መንገድ ያዘጋሁት እኔ ነኝ ብሎ ፈርሟል። አሥረኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ ነው፤ ማንበብ ይችላል። "ቸኩለው ነበር፣ እኔም ፈርቼ ነበር" አለኝ። ያን ሌሊት አልተኛሁም። እሱ እንዲህ ከሆነ እኔስ? መሠረተ ትምህርት ነው የተማርኩት፣ ያውም አልጨረስኩትም።

በአራተኛው ቀን ጠሩኝ። እስከዚያ ድረስ አንተ እያሉ ነበር የሚሰድቡኝ። መርማሪው ግን ተነስቶ ወንበር ሳበልኝ፣ አባባ ይቀመጡ አለኝ። አንቱ ሲለኝ የባሰ ፈራሁ። ከግድግዳው ወዲያ ወንበር ይጎተታል፣ የሰው ድምፅ ይሰማል፣ ከዚያ ድምፁ ይቋረጣል። እሱ ምንም እንዳልሰማ ሆኖ ካሜራውን ከፈተ።

"ይሄ ምንድነው?"

"ጨለማ ነው።"

"ቀጣዩስ?"

"እሱም ጨለማ ነው።"

ሠላሳ ያህል አሳለፈ። ሁሉም ጥቁር ነው። የኮከቦቹ ከነሱ በፊት ናቸው፤ እስከዚያ ሳይደርስ ተወው። ምንም ያልያዘ ነገር ሰው ለምን ሠላሳ ጊዜ ያነሳል አለኝ። ስለ ክዳኑና ስለ ጨለማው ከላይ የጻፍኩትን አንድ በአንድ ነገርኩት። እየጻፈ ሰማኝ። ያመነኝ መሰለኝ። ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀምጦ፣ ይሄን ያስተማረዎት ሰውዬ ማነው አለኝ።

ወንድ ነው ብሎ ነው ያሰበው። አላረምኩትም። መምህርቷ ባሏ የለም፤ ጡት ያልጣለች ልጅ አለቻት። ስሟን ብጠራ ከሰዓት በኋላ ከነልጇ እዚህ ናት። እኔ ሽማግሌ ነኝ አልኩት፣ ሰዓት ሠሪ ነኝ፣ ጣውላውን የሠራሁት ራሴ ነኝ። ይሄ እውነት ነው። የቀረውን ዋጥኩት።

ከምሳ በኋላ በኮምፒውተር የተጻፈ ወረቀት አመጣ፣ ሁለት ገጽ። ፈጠን አድርጎ አነበበልኝ። ሱቁ አለ፣ ኮከቡ አለ፣ ጨለማው አለ፤ እኔ ያልኩትን ይመስላል። ፈርመው ማታ ቤትዎ ያድራሉ አለኝ። ቤቴ ማደር ምን ያህል እንዳማረኝ አልደብቅም። እስክሪብቶውን ተቀበልኩት። ከዚያ ግን ላንብበው አልኩ።

"አነበብኩልዎ እኮ።"

"እኔም ላንብበው።"

መነጽሬን በር ላይ ወስደውታል። ወረቀቱን ክንዴ እስከሚደርስ አራቅሁት። ጣቴን ከመጀመሪያው ፊደል ሥር አደረግሁና ድምፄን አውጥቼ ጀመርኩ። እንደ ልጅ ነው የማነበው፤ ፊደል በፊደል፣ ከዚያ ቃሉን እገጣጥማለሁ። መስመሩን ስስት ወደ ኋላ እመለሳለሁ። እሱ ሰዓቱን አየ። ተነሳ፣ ተቀመጠ። "አባባ፣ እስከ ነገ ሊቆዩ ነው?" አለ። መልስ አልሰጠሁትም፣ መልስ ከሰጠሁ መስመሩ ይጠፋኛል። ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። የወረቀቱ ጫፍ በላቤ ረጠበ። አንድ ጊዜ አንተ ብሎ ጠራኝ። እኔ "ባ"ን ከ"ሳ" ልለይ እየታገልኩ ነበር።

ሁለተኛው ገጽ ላይ አገኘሁት። የወታደር እንቅስቃሴ አንስቼ ምስሉን አጥቁሬ ደብቄአለሁ ይላል። ካሜራውን የሰጠኝን ሰው ቤት መርቼ ለማሳየት ተስማምቻለሁ ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ ሁለተኛውን ጮክ ብዬ።

"ይሄን አላልኩም።"

"ያው ነው፣ አባባ። የአጻጻፍ ጉዳይ ነው።"

"ያልኩትን ይጻፉና እፈርማለሁ።"

ከዚህ ክፍል ወዴት እንደምሄድ አውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ፣ በለሰለሰ ድምፅ። አላውቅም አልኩት። እውነትም አላውቅም ነበር። ወረቀቱን በሁለት እጄ አስተካክዬ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት፣ እስክሪብቶውን ከላዩ አጋደምኩት። ከዚያ ዘበኛውን ጠራ።

ከግድግዳው ወዲያ ወዳለው ክፍል ይወስዱኛል ብዬ ነበር። ወደ ባልዲው መለሱኝ። አሥራ ዘጠኝ ቀን ጨመሩልኝ፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ለኔ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ አንድ ጠዋት ያለ ምንም ወረቀት ውጣ አሉኝ። ካሜራው ቀረ። መምህርቷ ስለ ካሜራው አንድም ቀን አንስታ አታውቅም፤ ያኔ ምን እንደጠየቁኝም አልነገርኳትም። ዛሬም ታስተምራለች። ልጇ አድጋ ፊደል መቁጠር ጀምራለች።

እኔ አልዳንኩም። መኪና ሱቄ በር ላይ ሲቆም እጄ ይርዳል፤ በዚህ እጅ የሴት ሰዓት መክፈት ስለማልችል አሁን የግድግዳ ብቻ ነው የምሠራው። ቀበሌ ወይም ባንክ ስሄድ ግን የሰጡኝን ወረቀት በሙሉ አነባለሁ፣ የጀርባውን ጭምር። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ያጉረመርማል። ባለፈው አንዷ ልጅ በመስኮቱ በኩል፣ አባባ እዚህ ጋ ብቻ ይፈርሙ፣ ሌላው አያስፈልግዎትም አለችኝ፣ በትሕትና ነው።

ትንሽ ጠብቂኝ አልኳትና ጣቴን ከመጀመሪያው ፊደል ሥር አደረግሁ።