ጋሽ ቧንቧ የለጠፋቸው ሦስት ቀይ ወረቀቶች

ጋሽ ቧንቧ ይሉታል። እናት አባቱ ያወጡለትን ስም የሚያውቁት መታወቂያውና ሚስቱ ብቻ ናቸው። ሠላሳ ዓመት የከተማውን የውሃ መስመር ሲጠግን ኖሯል፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ ቤቱን ያምሳል እንጂ፣ ከመሬት በታች ያለውንስ አይስትም።

በእሱ ሥራ አንድ ሕግ አለ፦ መነካት የሌለበት የውሃ መዝጊያ ላይ ቀይ ይንጠለጠላል። ቀይ ማለት «እጅህን ሰብስብ» ነው።

ሚስቱ ከወንዙ ማዶ አልጋ ላይ የዋለች ታላቅ እህት አለቻት። ጉልበቷ እምቢ እያላትም በየማለዳው ሾርባ ይዛ፣ በአሮጌዋ የእግረኛ ድልድይ ትሻገራለች።

ታዲያ አንድ ቀን ከማዘጋጃ ቤት «መንገድ ልንሠራ ነውና ሕዝቡ ይምከርበት» የሚል ጥሪ መጣ። የምር ነበር ደግሞ። ጋሽ ቧንቧ ከሚስቱ ጋር ወደ አዳራሹ ሄደ። የፕላን ባለሙያዋ፣ ትሁት ልጅ፣ የሰፈሩን ካርታ ግድግዳው ላይ ዘርግታ የሚለጠፉ ወረቀቶች አደለች።

«እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ይቆይ የምትሉት ላይ አረንጓዴ፣ ይነሳ የምትሉት ላይ ቀይ ለጥፉ።»

ጋሽ ቧንቧ ይሄን አልሰማም። የአዳራሹ መጸዳጃ ቤት ቧንቧ ጠብ ጠብ ሲልበት አላስችለው ብሎ ሊጠግን ወጥቶ ነበር።

እጁን በሱሪው እየጠረገ ተመለሰ፤ ምንም ሳይጠይቅ፣ ባለሙያ ሰው መች ይጠይቃል፣ ቀዩን አንስቶ ድልድዩ ላይ ለጠፈ። አንድ አይበቃም ብሎ ሦስት።



«ጋሼ፣ እርግጠኛ ነህ?» አለው ጎረቤቱ ልብስ ሰፊው።

«ቀይ ሳንጠለጥል ነው የሸበትኩት! ይልቅ አንተም ለጥፍ!»

ልብስ ሰፊው «የሚያውቀው ነገር ቢኖር ነው» ብሎ ለጠፈ። ሰፈሩ ተከተለ። ድልድዩ ኩፍኝ የወጣበት ልጅ መሰለ።

በሦስተኛው ወር ማሽን መጥቶ ድልድዩን አፈረሰው። ጋሽ ቧንቧ ማዘጋጃ ቤት ሮጠ።

«አባቴ፣ እርስዎ አይደሉ የጀመሩት? እኔማ ላቆየው ነበር» አለች ባለሙያዋ፣ ካርታውን እያሳየችው። ቀይ ምን ማለት እንደነበር ያኔ ገባው። ስህተቱን ለሚስቱ ግን መናገር አቃተው።

ሌላው መሻገሪያ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፣ ያውም ለጤነኛ ጉልበት። ሚስቱ በየማለዳው ወንዙ ዳር ቆማ «እትዬ! እንዴት አደርሽ?» ትላለች። እህቷ ከማዶ፣ ካልጋዋ ሳትነሳ፣ በመስኮት ነጭ ፎጣ ታውለበልብላታለች።

አንድ ማለዳ ፎጣው አልወጣም። ባልና ሚስት ዞረው እስኪደርሱ፣ ዓይኗን ጎረቤት ከድኖላታል።

ከቀብር መልስ ጋሽ ቧንቧ ጫማውን ሳያወልቅ ተቀመጠ።

«እኔ ነኝ ያስፈረስኩት። ቀይ ‹አትንኩ› መስሎኝ።»

ሚስቱ ነጠላዋን አውልቃ ማጣጠፍ ጀመረች።

«አንቺስ?» አላት። «ልጅቷ ስትናገር ሰምተሻል። ምነው ዝም አልሽኝ?»

«ድልድዩ ሥሩ ተበልቶ ይሆናል፣ እሱ የምድሩን ሆድ ያውቃል አልኩ። እኔም ለጠፍኩ።»

«ስንት?»

«አንድ። እንዳንተ አልጨከንኩም።»

ጓዳ ቧንቧው ጠብ ጠብ ይላል። ጋሽ ቧንቧ ሰምቶታል፤ አልተነሳም።