ድምፅ እንዳይኖራት የፈለግኋት ቀይ ክዳን

በፈረንጆቹ 2017 ጁባ ውስጥ ኮሎሎ መንገድ ዳር ትንሽ ምግብ ቤት ነበረችኝ። ጆሮዬ መድከም ከጀመረ ቆይቶ ነበር። ሰው ቢያውቅብኝ ካለፈው ዓመት የከተማው ተኩስ ጋር ያያይዘው ነበር፤ እኔ ግን ከዚያ በፊት እንደጀመረኝ አውቃለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ሰው ሲያወራኝ ከንፈር ከንፈሩን አያለሁ፣ ሲስቅ እስቃለሁ፣ ያልገባኝን "እሺ፣ እሺ" እያልኩ አልፋለሁ። ደንበኞቼ የሚወዱትን ስለማውቅ ሳያዙኝ አቀርብላቸዋለሁ፤ እነሱም ጎበዝ ይሉኛል።

ባንክ የሚሠራ አንድ ያገሬ ልጅ ምሳውን ሁልጊዜ እኔ ጋ ይበላ ነበር። እናቱ አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝተው ስለነበር በመጣ ቁጥር እጠይቀዋለሁ። እየተሻላቸው ነው፣ ሊወጡ ነው ብሎኝ ነበር። አንድ ቀን ገብቶ እጁን ሲታጠብ ፎጣ ይዤ ከኋላው ቆምኩና "እማማ እንዴት ሆኑልህ?" አልኩት። የጎረቤት ጄኔሬተር ይጮሃል። ፊቱን ወደ ቧንቧው እንዳደረገ አንድ ቃል መለሰልኝ። "ወጡ" ያለኝ መሰለኝ።

"እሰይ፣ እንኳን ደስ አለህ" አልኩት፣ ትከሻውን መታ መታ እያደረግሁ።

ዞሮ አየኝ። ዓይኑ ቀልቷል። አጠገባችን የተቀመጡት ሰዎች እጃቸው ሳህን ላይ እንዳለ ቀረ። ፎጣውን ሳይቀበለኝ ወጣ። ምን እንዳጠፋሁ ሳላውቅ ቆሜ ሳለ ወጥ ቤት የምትሠራልኝ ልጅ መጥታ ፊት ለፊቴ ቆመች።

"እትዬ፣ 'አረፉ' ነው እኮ ያለዎት" አለችኝ።

ለቅሶ ለመድረስ ድፍረት አጣሁ። ሰው በተሰበሰበበት ደግሞ ሌላ ነገር ሰምቼ ሌላ ብመልስስ? ምግብ ሠርቼ በልጅቷ ላክሁ። ልጁም በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ በረረ።

እዚያው ጁባ፣ ጉዴሌ ሰፈር የሚኖር ታናሽ ወንድም አለኝ፤ የኮንስትራክሽን ድርጅት ኤሌክትሪሻን ነው። ለእሱም ቢሆን እውነቱን አልነገርኩትም። "በጄኔሬተሩ ጩኸት የተነሳ ከወጥ ቤት ስጠራ አይሰማኝም፤ ምግብ እየቀዘቀዘ ነው" ነው ያልኩት። አመነኝ። መጀመሪያ ምግብ የሚወጣበት የወጥ ቤቱ መስኮት ላይ አምፖል ሰቀለልኝ። እንግዶች የሚቀመጡበት ግን ጣራ እንጂ ግድግዳ የሌለው ስለሆነ፣ በቀትር ፀሐይ አምፖሉ ይብራ ይጥፋ አይታወቅም።

"እንግዲያው የሚንቀሳቀስ ነገር ይሁን" አለኝ። "ምግብ ሲደርስ ብድግ የሚል፣ ካነሳሽ በኋላ የሚተኛ። ሌላ ምንም አያስፈልገውም።"

ከጀሪካን ቀይ ክዳን ወስዶ ጫፏ ላይ ቀጭን ዘንግ አሰረ። እኔ አንድ ነገር ብቻ ለመንኩት፤ ድምፅ እንዳይኖራት። እንግዶች ዞረው እንዲያዩዋትና ለምን እንደተሰቀለች እንዲጠይቁኝ አልፈለግሁም።

እሑድ ከሰዓት ሦስት ነገሮች ይዞ መጣና ባንኮኒው ላይ ደረደራቸው፤ ከሶላሩ ባትሪም ሽቦ ሳበ። የመጀመሪያው ጥርስ ያለው ትንሽ ሞተር ነበር። ክዳኗን ቀስ አድርጎ አነሳት፣ ከዚያ ሳያቆም አሳልፎ ወደ ኋላ ደፋት። እዚህና እዚያ ሲደርስ የሚያቆሙት ሁለት ማጥፊያዎች ያስፈልጉታል አለኝ፤ በዚህ አቧራ ደግሞ ብዙም አይቆዩም።

ሁለተኛው ሶሌኖይድ የሚሉት ነው፤ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ መሐሉ ያለውን ብረት በአንዴ ስቦ የሚያስገባ ጥቅል ሽቦ። ሽቦውን ሲያስነካው ክዳኗ በዓይን ቅጽበት ቆመች። ወደድኳት።

"ይኸው፣ ይሄ ይሁን" አልኩት። "ደግሞ ድምፅ የሚባል የለውም።"

የወንድሜ እጅ አየር ላይ ቀረ። ከኋላው ቢራ ይጠጡ የነበሩ ሁለት ሰዎች ወደ እኛ ዞረዋል። የወጥ ቤቷ ልጅም በመስኮት አንገቷን አውጥታለች። ሽቦውን አላቀቀና እንደገና አስነካው፤ አሁን የሚያየው ክዳኗን አልነበረም፤ ፊቴን ነበር። ብርጭቆ ውስጥ ያለው ውሃ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። መዳፌን ባንኮኒው ላይ ሳሳርፍ ብረቱ እንደ መዶሻ ሲመታ ተሰማኝ።

"እታለም፣ ይሄን አልሰማሽም?"

"ሰማሁት እንጂ። ትንሽ ነው" አልኩት።

አልተከራከረኝም። ቢከራከረኝ ይሻለኝ ነበር። ወንበሩን ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠና ለሕፃን እንደሚያስረዳ ቃላቱን አንድ በአንድ እያወጣ፣ "ይሄ ለማንኛውም አይሆንም" አለኝ። "ቆማ እንድትጠብቅሽ ከተፈለገ ኤሌክትሪኩ መቋረጥ የለበትም። አንቺ እስክታዪያት ይግላል፣ ባትሪሽንም ይጨርሰዋል።" የሚለው ሁሉ ገብቶኛል። ግን ቶሎ ጨርሶ በሄደልኝ ብዬ ነበር የምመኘው። እናታችን ስትሞት ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ እንደዚያ ቀስ ብዬ የማናግረው እኔ ነበርኩ።

ሦስተኛው ጀበል ገበያ ያገኘው፣ የመኪና በር የሚቆልፍ ሞተር ነበር። አንዴ ሽቦ ሲያስነኩት ይገፋና ባለበት ይቀራል። ሽቦው ሲገለበጥ ይመለሳል። ኤሌክትሪክ የሚፈልገው ለዚያች ቅጽበት ብቻ ነው፤ ከሁለቱ ቦታዎች ሌላ የትም አይቆምም። ወንድሜ ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ጎማ ቆርጦ በሚመታበት ሁሉ አስገባለት።

"ድምፁስ?" አልኩት። ሰው እንዲሰማልኝ ስጠይቅ የመጀመሪያዬ ነው። ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

"ጓ ትላለች፤ ግን ቀስ ብላ ነው። አጠገቧ ላልተቀመጠ አትሰማም።"

እሷን መረጥን። ከማቀዝቀዣው በላይ ያለው መደርደሪያ ላይ አሰራት። ምግብ ሲደርስ ልጅቷ መስኮቱ አጠገብ ያለውን ማብሪያ ትነካለች፤ ክዳኗ ትቆማለች፤ እኔ ሄጄ ምግቡን አነሳለሁ፤ ልጅቷም መልሳ ታስተኛታለች። ምግብ መቀዝቀዙ ቀረ።

ባንክ የሚሠራው ልጅ ከሐዘኑ ሲመለስ መግቢያው ላይ እጁን አነሳ፤ እስካየው ጠብቆ ነው የገባው። "እግዜር ያጽናህ" ብዬ ስለዚያ ቀን ልናገር ስጀምር አቋረጠኝ።

"ጥፋቱ የኔ ነው፣ እትዬ። ፊቴን አዙሬ ነው የተናገርኩት። ጆሮዎ እንደሚያስቸግርዎት እናውቃለን እኮ።"

"እናውቃለን" ነው ያለኝ። ዙሪያዬን ጠረጴዛዎቹን አየሁ። አንዱ ሁልጊዜ ክንዴን ነክቶ ነው የሚጠራኝ፤ ሌላው ተነስቶ ፊቴ መጥቶ ነው የሚያዘኝ። የቤተኛ ነገር ይመስለኝ ነበር። ለካ እኔ ስደብቃቸው እነሱ እየደበቁልኝ ኖረዋል። ልጁ ወደ መደርደሪያው እያሳየ፣ "ያቺን እኛም እርስዎን ስንፈልግ ከዚህ ሆነን ብናነሳት አይቻልም?" ሲለኝ "አይቻልም" ብዬ ወጥ ቤት ገባሁ። ሽንኩርት ባልከትፍም ቢላውን አንስቼ ቆምኩ፤ ልጅቷ ዓይኔን እንዳታይ።

ከወር በላይ አስቤ ነው ወንድሜን ሌላ ማብሪያ በጠረጴዛዎቹ መሐል ያለው ምሰሶ ላይ አድርግልኝ ያልኩት። አደረገልኝ። እጆች ሲዘረጉና ክዳኗ ስትነሳ ጆሮዬ እስኪግል አፍር ነበር፤ ግን እሄዳለሁ።

ዝናቡ ሊገባ ሲል አንድ የማላውቀው ደቡብ ሱዳናዊ መጥቶ በጁባ ዓረብኛ ቶሎ ቶሎ አዘዘኝ። "እሺ" ልል ከንፈሬን ከፈትኩና፣ "አና ማ ጊ አስማ ኩዌስ" አልኩት፤ በደንብ አልሰማም ማለት ነው። ሰውየው ምንም አልመሰለውም። ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ዓሣ እንደሚፈልግ ደገመልኝ። በአማርኛ ያንኑ ለማለት ግን ገና አፌ አልደፈረም ነበር።